እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ቢተው

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ሯጭ ሆነች። እንዲህ ስል ሰው ሜዳልያ ይጠብቃል፤ እናቴ ግን በሕይወቷ አንድም ሰው ቀድማ አታውቅም። ሩጫዋ ከእርምጃ ብዙም አይፈጥንም፤ ክርኗን እንደ ተቆጣ ሰው ወደ ጎን ከፍታ፣ በአፏ እየተነፈሰች ነው የምትሮጠው። ብቻ አንድ ቀን አትቀርም። ዝናብ ቢሆን፣ ለቅሶ ቤት አድራ ብትመጣ፣ እግሯ ቢያብጥ፣ ጥፍሯ ቢጠቁር፣ ገና ሲነጋጋ ቡልቡላ ያለው ቤታችን በር ሲከፈት እሰማለሁ። ከኋላዋ ዓይኔን እያሸሁ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ፌናን እባላለሁ፤ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከእናቴ ሩጫ የተረዳሁት ነገር ሁሉ ስህተት ነበር።

የቤታችን ሯጭ አባቴ ነበር። ቶሌራ ገበሬ የነበረ ሰው ነው። የአባቱ እርሻ ላይ ቤት ሲሠራበት እሱ ኤርፖርት አካባቢ አንድ መጋዘን ተቀጠረ፤ ቁጭ ብሎ መዋል ስላልለመደ "ሰውነቴ ዛገ" አለና ጠዋት ጠዋት መሮጥ ጀመረ። ለውድድር አልነበረም። ኅዳር ላይ በሚደረገው የጎዳና ሩጫ ከሕዝቡ ጋር እየጨፈረ ይሮጥና ቲሸርቱን ለብሶ ይመጣል፤ በቃ። ታዲያ ቅልጥሙን ያመው ነበር፤ ከጉልበቱ በታች ፊት ለፊት ያለውን አጥንት፣ በተለይ አስፋልት ላይ ሲሮጥ። ጉርድ ሾላ ያሉት ወጌሻ ኦቦ ዋቅጅራ አሽተው አሽተው ሲሰለቻቸው "አስፋልት ከረገጥክ ሁለተኛ እኔ ጋ እንዳትመጣ" አሉት። ከዚያ ወዲህ አባቴ ለመሻገር ካልሆነ አስፋልት አይረግጥም። ከመንገዱ ዳር ባለው አፈር ላይ፣ የሚመጡትን መኪኖች ፊት ለፊት እያየ ይሮጣል። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ወጥቶ አልተመለሰም። ለእኔ የተነገረኝ "መኪና ገጨው" ነው። ለቅሶው ሳያልቅ አክስቴ ወደ ሰንዳፋ ወሰደችኝ፤ ስመለስ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ እናቴ ጥቁር ለብሳለች፣ እቤት ውስጥ ስለ አሟሟቱ የሚያወራ ሰው የለም። በልጅ ጭንቅላቴ መኪና ብቻውን ሰው የሚገድል ነገር ነበር፤ ውስጡ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። የጎረቤቱን ወሬ ግን እሰማ ነበር። "ሩጫ ገደለው" ይላሉ። "ሚስት እያለው፣ ልጅ እያለው፣ በጨለማ አስፋልት ላይ ምን ያራውጠዋል?" እናቴ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ነክሳ ሥራዋን ትቀጥላለች።

መኪናው ውስጥ ሰው ነበር። ቢተው ይባላል። ከሰሜን መጥቶ መገናኛ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የከፈተ፣ እኛ ሰፈር ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ቤት የሠራ ነጋዴ ነው። በልጅነቴ "ጋሽ" እያልኩ አንቱ እለው ነበር፤ "ጋሽ" የሚለው ምላሴ ላይ ቀርቷል፣ አንቱታውን ግን ዛሬ ነጥቄዋለሁ። ከክፍለ ሀገር ዕቃ ጭኖ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ ቤቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አባቴን ገጨው። ያየ ሰው አልነበረም። "ድንገት አስፋልት ውስጥ ገባብኝ" አለ፤ የተጻፈውም የታመነውም ይኸው ሆነ። ከዚያ ሽማግሌ ገባ። የኛ ሰዎች ጉማ ይሉታል፤ ነፍስ ያጠፋ ሰውና የሟች ቤተሰብ ደም እንዳይቃቡ የሚታረቁበት ሥርዓት ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ደቻሳ "በስህተት ነው፤ ሰውየውም አልቅሷል፤ ይብቃ" እያለ እናቴን ወጥሮ ያዛት። ኦቦ ዋቅጅራም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። አባቴን አስፋልት አትርገጥ ያሉት እሳቸው ራሳቸው ሆነው ሳለ፣ እርቁ እንዳይበላሽ ብለው ያን ቀን አፋቸውን ዘጉ። እናቴ አንድ ሴት፣ እነሱ አንድ ጉባኤ፤ ታረቀች።

ሽማግሌዎቹም ሲነሡ ለሁለቱ አንድ ትእዛዝ ሰጡ። "ሰላምታ እንዳትከላከሉ። በደጅም በመንገድም ስትገናኙ ሰላም ሳትባባሉ እንዳትተላለፉ" አሏቸው። ይህን ያሉት ቂም እንዲሞት ነው። እናቴ ደግሞ ከእርቁ ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር አጥብቃ ይዛ ወጣች። ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ንጋት ላይ እናቴ የአባቴን ሰማያዊ የሩጫ ጃኬት ትለብሳለች፤ እጅጌው ስለሚረዝማት ታጥፈዋለች። ጫማዋ ከሰልባጅ የተገዛ ነው፤ ስለሚሰፋት ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃበታለች። በወንዙ በኩል ባለው የአፈር መንገድ ዞረን ዋናው መንገድ ላይ እንወጣና ዳር ዳሩን እንሮጣለን። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን ሆዱን እያሳየን ከላያችን ያልፋል። እኔ አንጋጥጬ ስቆም እናቴ ዞር ብላ አታየኝም፤ እሮጥና እደርስባታለሁ።

አንድ አረንጓዴ የብረት በር ጋ ስንደርስ ትቆማለች። ላቧን በጃኬቱ እጅጌ ትጠርጋለች፣ ሻሿን ታስተካክላለች፣ ከዚያ በሩን በመዳፏ ቀስ አድርጋ ትመታለች። በሩ ተከፍቶ ጋሽ ቢተው ጋቢውን እንደ ለበሰ ይወጣል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ጃኬቱን ነው፤ ፊቷን የሚያየው ቆይቶ ነው።

"እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ቢተው?" ትላለች፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ እየነሣች።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርሽ፣ ደሪቱ?"

"ደህና። ደህና ተኙ?"

"ተኛን፤ ተመስገን።"

"እንቅልፍ እንዴት ነው? አሁንም በድንገት ይመጣል?"

እዚህ ጋ እሱ በሩን ይዞ መሬት መሬቱን ያያል።

"በሉ፣ ነገ ያገናኘን" ትላለች እናቴ፣ ሩጫዋንም ትቀጥላለች።

እናቴ ለማንም እንዲህ ዝቅ ብላ እጅ ስትነሣ አይቼ አላውቅም፤ ለንስሐ አባታችን እንኳ ይህን ያህል አትጎነበስም። ስለዚህ አንድ ነገር ደመደምኩ፤ እናቴ ይህን ሰው በጣም ትወደዋለች። እንቅልፉ ሳይቀር የሚያሳስባት ሌላ ምን ሆና ነው?

እሱም ይወደኝ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ብርቱካን ልጦ ይሰጠኛል። እናቴ "ተቀበይ፤ ሁለት እጅሽን ዘርጊ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይ" ትለኛለች። ተቀብዬ እሮጣለሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን እጇን ትዘረጋና "አምጪ" ብላ ብርቱካኑን ወንዝ ውስጥ ትወረውረዋለች። እየሮጡ ብርቱካን መብላት ሆድ ያማል ትለኝ ነበር፤ አምኜ ለጓደኞቼም አስተምሬአለሁ። ዛሬ ሳስበው እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባት የሌላት ልጅ ሁለት እጇን ዘርግታ ስታመሰግነው እሱ እንዲያይ። ከዚያ ወዲያ ያ ብርቱካን አፌ እንዲገባ ለምን ትፈቅዳለች? እኔም ብሆን ወንዝ ነበር የምከተው።

በሩ ሰፋ ብሎ ሲከፈት ግቢው ውስጥ ሸራ የለበሰች ፒክአፕ ትታየኛለች። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ለምን አይነዷትም?" ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱ አመድ ሆነ። እናቴ እጄን ያዝ አድርጋ "ብርድ ነክቷት ነው፤ ሲሻላት ይነዷታል፤ አይደል ጋሽ ቢተው?" አለች። "አዎ" አለ። ለመኪናዋ በጣም አዘንኩላት።

ሩጫ ያልለመደ እግር በየቀኑ ሲሮጡበት ዝም አይልም። መጀመሪያ ተረከዟ ውሃ ቋጠረ፤ መርፌ እሳት ላይ አሙቃ አፈረጠችውና ፕላስተር ለጠፈችበት። ከዚያ የአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሮ ጠቁሮ ወደቀ። ማታ ማታ ጨው የገባበት ሙቅ ውሃ ውስጥ እግሯን ነክራ ትቀመጣለች። ቅልጥሟን መታመም ስትጀምር ግን ደስ ያላት መሰለኝ። "የአባትሽ ሕመም ያዘኝ" አለችኝ፣ ምንም ችግር እንዳላገኘው ሰው። እኔ ደግሞ ከጃኬቱ የተጋባባት መስሎኝ ጃኬቱን መንካት ፈራሁ።

እሑድ እሑድ ከመገናኛ ታክሲ ይዘን ጉርድ ሾላ ኦቦ ዋቅጅራ ጋ እንሄዳለን። ክፍላቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እናቴ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትዘረጋላቸዋለች፣ እሳቸው በአውራ ጣታቸው አጥንቱን ከላይ ወደ ታች እየተጫኑ ይወርዳሉ፣ እሷ ጥርሷን ትነክሳለች። ከዚያ ሁልጊዜ የምትጠይቃቸው ጥያቄ አላት።

"ኦቦ ዋቅጅራ፣ አስፋልት ላይ ብሮጥ ምን ይለኛል?"

"አይሆንም፤ ይብስብሻል። አፈር አፈሩን ሂጂ።"

"ለኔ ብቻ ነው እንዲህ የሚሉት?"

"ቅልጥሙን ለሚያመው ሁሉ ነው።"

"ከኔ በፊትም የነገሩት ሰው አለ?"

የኦቦ ዋቅጅራ ጣት እዚያው ይቆማል። "ደሪቱ፣ እስቲ እግርሽን እንይ" ይላሉ።

"እያዩት ነው እኮ" ትላለች።

በሚቀጥለው እሑድም ይህንኑ ትጠይቃለች፤ ከዚያም በሚቀጥለው። እናቴ የሚነገራትን የምትረሳ ሆና ታየችኝ። አንድ ቀን አፍሬ "እማዬ፣ ባለፈው እኮ ነግረውሻል" አልኳት። "ረስቼው ነው" አለችኝ። "ኦቦ ዋቅጅራም ረስተውት ነበር።" ሽማግሌው ቀና አላሉም፤ ፋሻውን ሲጠቀልሉ ግን ሁለት ጊዜ ከእጃቸው ወደቀ። ሊሸኙን ሲነሡ "ልጄ፣ ይህ እግር እረፍት ይፈልጋል። ትንሽ ጊዜ ተይው" አሏት። እናቴ ጫማዋን እያሰረች "እኔ ካረፍኩ ሌላም ሰው ያርፋል" አለች። ሌላው ሰው እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ በየማለዳው መነሣት ሰልችቶኝ ስለነበር አርፈን ብንቀር ደስታዬ ነበር።

ጥር ላይ ጋሽ ቢተው ጠፋ። በሩን የምትከፍተው ሠራተኛው ሆነች፤ "የሉም" ትላለች። እናቴ በየጠዋቱ ትሄዳለች፤ "ደሪቱ መጥታ ነበር፤ እንዴት አደሩ ብላለች በያቸው" ብላ ትመለሳለች። ሲቆይ አጎቴ ደቻሳ ቤት ሄደች፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

"ሰላምታ ከለከለኝ" አለችው። "ያላችሁት እንዲህ ነበር?"

አጎቴ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። "አንቺ ሴትዮ፣ ከዚህ ሰውዬ ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"እናንተ ያዘዛችሁትን። ሰላምታ።"

"ሰውየው እንቅልፍ አጣሁ እያለ ነው።"

"አሁን ነው ያጣው?" አለች እናቴ።

ሽማግሌዎቹ ልከውበት ጋሽ ቢተው ተመለሰ። በመጀመሪያው ጠዋት በሩን ሲከፍት ጋቢው ሰፍቶት፣ ጉንጩ ጎድጉዶ አየሁት። እናቴ አይታው የበለጠ ጎንበስ አለች። እኔ ግን መመለሱ ስላስደሰተኝ ድልድዩ ጋ ስንደርስ በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኋት። "እማዬ፣ ጋሽ ቢተውን ልታገቢው ነው?"

ቆመች። ከዚያ ሳቀች። አባቴ ከሞተ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሆዷን ይዛ፣ መንገድ ዳር አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ። መንገደኞች ዞር እያሉ አዩን። ደስ ብሏት ነው አልኩ። አብሬያት ሳቅሁ፤ በዚያው አባት ሊኖረኝ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ለመንገር ቸኮልኩ።

ክረምቱ ሲገባ የኮንዶሚኒየም ሥራ መንገዳችንን ቆፋፍሮት ነበር። አንድ ጠዋት እናቴ ጉድጓድ ረግጣ ቁርጭምጭሚቷን ወለም አላት። እየጎተተች በሩ ጋ ደረሰች፣ ሰላምታዋን ሰጠች፣ እየጎተተች ተመለሰች። በነጋታው እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አለ። "እማዬ፣ ዛሬ እንቅር" አልኳት። የጫማውን ክር ሁሉ ፈታ በግድ አስገባችው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው አጥር አጥሩን እየተደገፈች ሄድን፤ ሩጫ ሊባል አይችልም። አረንጓዴው በር ጋ ስንደርስ ሳታንኳኳ ተከፈተ። ጋሽ ቢተው ከውስጥ ቆሞ ሲጠብቀን ነበር።

"እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ቢተው? ደህና ተኙ?"

እሱ እግሯን አየ። "በእናትሽ፣ ተይኝ" አለ። "በዚህ እግር ምን አመጣሽ?"

"ሰላምታ ነዋ። እንቅልፍ እንዴት ነው?"

ዝናቡ ጋቢውን እያበሰበሰው "አስፋልት ላይ አልነበረም" አለ።

"ማን?"

"ቶሌራ።"

"የት ነበር?"

"ዳር። አፈሩ ላይ ነበር። እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ፤ ስነቃ መኪናዋ ዳር ወጥታለች።"

የአባቴን ስም ስሰማ ደስ አለኝ። ጋሽ ቢተው አባቴን ያውቀው ኖሯል፣ አፈር አፈሩን ሲሮጥ ያየው ነበር ብዬ ነው ያሰብኩት። አባቴ ሲታወስ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር። እናቴ እጄን ጨመቀችው፤ አጥንቴን እስኪያመኝ።

"ይህን ለኔ አይንገሩኝ" አለችው። "እኔ አውቀዋለሁ። እዚያ ተቀምጠው ላስታረቁን ሰዎች ይንገሩ። እኔም ቃል ልግባልዎት፤ ከዚያ በኋላ እግሬ እዚህ በር አይደርስም።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

ጋሽ ቢተው አለቀሰ። ትልቅ ሰው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሲያለቅስ ያን ጊዜ አየሁ። ይቅር የተባለ መስሎት ነበር። እኔም እናቴ እሺ ያለችው መስሎኝ ነበር። ሁለታችንም እናቴን አናውቃትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት መጡ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው በተርታ ሲገቡ ልቤ ዘለለ። ሽማግሌ ለምን ወደ ሰው ቤት እንደሚላክ አውቅ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ ሊና ታላቅ እኅት የታጨችው እንዲህ ነው። ሮጬ የፋሲካ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ፀጉሬን በውሃ አስተኛሁ። የሚያገባው ሰው ራሱ ከሽማግሌ ጋር እንደማይመጣ ሰምቻለሁ፤ ጋሽ ቢተው ግን መጨረሻ ላይ ሆኖ ገባ። የቸኮለ መሰለኝ። ጫንቃው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። ይህ ግራ ገባኝ፤ ግን እሱ የሰሜን ሰው ነው፣ እነሱ ሚስት ሲጠይቁ እንዲህ ያደርጉ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

እናቴ ወደ ጓዳ ላከችኝ። በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጋሽ ቢተው ጎንበስ ብሎ የሚናገረውን አልሰማሁም፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የታየኝ። ሲጨርስ ኦቦ ዋቅጅራ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አጎቴ ደቻሳ ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ። ደስታ ነው አልኩ። የእናቴን ድምፅ ግን ዝናብም አላፈነውም።

"ተነሽ፣ ደሪቱ" አላት አጎቴ። "እውነቱን አመጣልሽ። ድንጋዩን አውርጂለትና ይቅር በዪው።"

እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ነበር።

"እናንተ ያስታረቃችሁኝ አስፋልት ውስጥ የገባበትን ሰው ከገጨ ሰው ጋር ነው" አለች። "ከዚያ ሰው ጋር ታርቄአለሁ፤ ያላችሁትንም ሰላምታ አንድ ቀን ሳላጎድል ሰጥቻለሁ። ዳር ላይ የነበረ ባሌን የገደለ፣ ገድሎም የዋሸበት ሰው ሌላ ነው። ይኸው ዛሬ መጣ። ከዚህኛው ጋር ማንም አላስታረቀኝም።"

"እንግዲያው አሁን ታረቂ" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

"አልታረቅም።"

"ልጄ፣ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ?"

"ይሸከመዋ። ደቻሳ፣ አንተ ደግሞ ሰፈሩን ዙረህ ሩጫ አልገደለውም በላቸው። ማን እንደገደለው በስሙ ንገራቸው። ኦቦ ዋቅጅራም አብረውህ ይዙሩ፤ የሚናገሩት አለ።"

ጋሽ ቢተው ከድንጋዩ ሥር ቀና ለማለት ሞከረ። "ቃል ገብተሽልኝ ነበር" አላት።

"አዎ፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። እግሬ በርዎ አይደርስም። ሰላምታም ከእንግዲህ የለብኝም፤ የታዘዝኩት ለዚያኛው ሰው ነበር።"

ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ድንጋዩን ያወረደለት የለም፤ እንደ ተሸከመው ወጣ። እኔ ጓዳ ውስጥ የፋሲካ ቀሚሴን ለብሼ አለቀስኩ። እምቢ ብላዋለች። እንዲህ ያለ ጥሩ ሰው፣ ብርቱካን የሚልጥልኝ፣ ለመኪናው ሸራ የሚያለብስ ሰው። እናቴን ለብዙ ጊዜ ቂም ያዝኩባት።

በነጋታው የበሩን ድምፅ አልሰማሁም። ፀሐይ መስኮቱን አልፋ መሬት ላይ ስትወርድ እናቴ አፏን ከፍታ ተኝታ ነበር፤ ፋሻ የተጠቀለለው እግሯ ከብርድ ልብሱ ውጭ። የዚያን ሳምንት ሰፈሩ ወሬውን ለወጠው። "ዳር ላይ ነበር አሉ፤ ምስኪን፣ ዳር ላይ እኮ ነበር" ይሉ ጀመር። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ሴቶቹ ከመቀመጫቸው እየተነሡ ሰላም ይሏት ነበር።

ጋሽ ቢተው ግን በየማለዳው በሩ ላይ መቆሙን አልተወም። ትምህርት ቤት ስሄድ አየዋለሁ። ጋቢውን ለብሶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ መንገዱን እያየ ይቆማል። አንድ ጠዋት ጠራኝ።

"እናትሽን አሟታል እንዴ?"

"አይ፣ ተኝታለች።"

"ሰላም በይልኝ" አለኝ። "ቢተው ሰላም ብሎሻል በያት። እንዴት አደርሽ ብሏል በያት።"

ማታ ነገርኳት። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋ አልቆመም። "የማን ሰላምታ ነው?" አለች። "የጋሽ ቢተው" አልኳት። "አላውቀውም" አለች። በሚቀጥለው ጠዋት ይህንኑ አደረስኩለት፤ ልጅ ነኝ፣ የተላክሁትን እመልሳለሁ። "አላውቀውም ብላለች" አልኩት። ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልላከም። ዓመት ሳይሞላ ቤቱን ዘግቶ ሄደ፤ የት እንደ ሄደ ያወቀም የጠየቀም የለም።

ነገሩን የነገረኝ አጎቴ ደቻሳ ነው፤ ሃይስኩል ስጨርስ፣ እሱ በጠና ሲታመም፣ ሳይሞት ልቡን ማቅለል ፈልጎ። "እናትሽ ጨካኝ ናት" ብሎ ጀመረ፣ "ልክ ነበረች" ብሎ ጨረሰ። አሁንም ሰው የመጀመሪያውን ይለኛል። ይቅር ብትይው ምን ነበረበት ይሉኛል፣ እኔ ይቅር ማለት የነበረብኝ ይመስል። የሞተው አባቴ ነው፤ በዚያ ላይ ስሙንም ገድለውት ነበር፤ ስሙን ቆፍራ ያወጣችው እናቴ ብቻ ናት። በበኩሌ ሸክሙን ይዞ ስለ ሄደ ደስ ይለኛል፤ የትም ቢሆን እንዳላወረደው ተስፋ አለኝ።

ያን ቀን ከአጎቴ ቤት ወጥቼ በቀጥታ እቤት ገባሁ። እናቴ በረንዳ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ያ ቁርጭምጭሚት እስከ ዛሬ ክረምት ሲመጣ ያብጣል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ስለ ድንጋዩም አልጠየቅኋትም።

"ያኔ ስትሮጪ እግርሽን ያምሽ ነበር?" አልኳት።

ምን እንደሰማሁ ወዲያው ገባት። "በጣም" አለች።

"ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለምን አላረፍሽም?"

እናቴ እግሯን በእጇ አሸች።

"በሄድኩ ቁጥር እሱንም ያመው ነበር" አለች።